የባዶው አጥር እንግዳ

አንዲት ጥንቸል ነበረች። አመድማ፣ ጆሮዋ ወደ ታች የወደቀ፣ አፍንጫዋ የማያርፍ። የምትኖረውም አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ በማይርቅ አንድ የእንስሳት መጠለያ ነበር።

እዚያ ያደረሳት ሰው ለፈረንጆች ፋሲካ ለልጁ የገዛት ነው። ስትገዛ በመዳፍ ትያዝ ነበር፤ ቀለም ከተቀባ እንቁላል ጋር ቅርጫት ውስጥ ተቀምጣ ፎቶ ተነሣች፤ ቤተ ዘመድ ሁሉ አያት። ግንቦት አለፈ፣ ሰኔ አለፈ፣ ጥንቸሏ ጎረመሰች። ምንጣፉን ቆፈረች፤ የስልክ ቻርጀር በጠሰች፤ አቅፎ ሊያነሣት የመጣውን ልጅ ክንዱን ቧጠጠች። ነሐሴ ሲገባ በካርቶን ሆና መጠለያው ደረሰች። ሰውየው ክፉ ሰው አልነበረም። ቅጹ ላይ «ለምን ይሰጧታል?» በሚለው ቦታ ጥቂት አሰበና «ተለወጠች» ብሎ ጻፈ።

መጠለያው ውስጥ የትንንሾቹ ክፍል የሚባል አለ። የውሾቹ ጩኸት ከማይደርስበት ጥግ ነው፤ ጥንቸሎች፣ ጊኒ ፒጎችና ሃምስተሮች የሚቀመጡት እዚያ ነው። ክፍሉን የሚጠብቁት ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ናቸው። ደመወዝ የላቸውም፤ በፈቃዳቸው ይመጣሉ፣ ይጠርጋሉ፣ ያበላሉ፣ ይሄዳሉ። እኚህ ሽማግሌ አንድ ልማድ ነበራቸው። እንስሳ ልወስድ ብሎ ለመጣ ሰው እንስሳውን አይሰጡም። አስቀድመው የእንስሳውን ቤት ይሰጡታል፤ ታጣፊ የሽቦ አጥር፣ የውሃ ሳህን፣ የመጸዳጃ ሳጥን፣ አንድ ከረጢት ድርቆሽ።

«ይህን ወስዳችሁ ቤታችሁ ትከሉት» ይላሉ። «ጠዋትና ማታ ድርቆሹን አንሥታችሁ አዲስ አድርጉበት፤ ውሃውን ቀይሩ፤ ሥሩን ጥረጉ። በ14ኛው ቀን ኑና ያያችሁትን ንገሩኝ።»

«እንስሳዋስ?»

«እንስሳዋ እዚሁ ናት።»

«ታዲያ የምናበላው ማንን ነው?»

«ባዶውን።»

አንዳንዱ ይሥቃል፤ አንዳንዱ ይቆጣል። አንዳንዱ ደግሞ ወደ መኪናው እየሄደ፣ እንስሳ ለመውሰድ ይህን ያህል ምን አስፈለገ ይላል። ሽማግሌው አይከራከሩም። በፖስታ ሥራ ዘመናቸው ብዙ በር አንኳኩተዋል፤ በሩን የሚከፍትና ቤቱን የሚከፍት አንድ እንዳልሆነ ያውቃሉ።

በዚያ ዓመት፣ መስከረም ላይ፣ ለአመድማዋ ጥንቸል ሦስት ቤተሰብ መጣ።

የመጀመሪያው አንድ አባት ነው። የልጁ ልደት ቅዳሜ ነው፤ ለቅዳሜ ፈልጓታል። አጥሩን ሲሰጡት ፊቱ ጠቆረ፤ ሆኖም ተቀበለ። ሰኞ መለሰው። የታሰረበት ገመድ እንኳ አልተፈታም። «ምን አዩ?» ቢሉት፣ «ባዶ አጥር ምን ይታይበታል?» አለ። ሽማግሌው አመስግነው ዕቃቸውን ተረከቡ።

ሁለተኛው ባልና ሚስት ከሦስት ልጆች ጋር ነው። እነዚህ ትጉሆች ነበሩ። የተራ ሰንጠረዥ አዘጋጁ፤ እያንዳንዱን ልጅ በየቀለሙ ጽፈው ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፉት። አምስት ቀን በደንብ ሄደ። በስድስተኛው ቀን የኳስ ጨዋታ ነበር፤ በሰባተኛው ትልቋ የእኔ ተራ ትናንት ነበር አለች፤ መካከለኛው የእኔ ነገ ነው አለ፤ ትንሹ አለቀሰ። በአሥረኛው ቀን አባትየው ብቻውን መጣ። «አልቻልንም» አለ። «ለሌለ ነገር ልጆቼን በየቀኑ ማዘዝ ከበደኝ።» ሽማግሌው ወንበር ሰጥተው አስቀመጡት፤ ቡና ቀዱለት። «ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው እንስሳዋን ከወሰደ በኋላ ነው፤ እርስዎ ቀድመው አወቁት» አሉት። ከልባቸው ነበር ያሉት። ሰውየውም ቀለል ብሎት ሄደ።

ሦስተኛው ቤት የሀገራችን ሰው ቤት ነው።

እናቲቱ በአረጋውያን መኖሪያ የነርስ ረዳት ናት። ማታ ገብታ ሌሊቱን ሙሉ ሰው ስታገላብጥና ስታነሣ አድራ ጠዋት 2 ሰዓት ቤቷ ትገባለች። የ9 ዓመት ወንድ ልጅ አላት። እናቷን ደግሞ ከደብረ ብርሃን አምጥታለች፤ ልጁን የሚያሳድጉት እሳቸው ናቸው። እማማ ነው የሚላቸው። ልጁ ውሻ ለምኖ ነበር፤ የአፓርታማው ውል ውሻ ይከለክላል። ከብዙ ልመና በኋላ ነገሩ ጥንቸል ላይ አረፈ።

እማማ አልወደዱትም። «አይበላ፣ አይታለብ፣ አይጮህ!» አሉ። «ድመት አይጥ ይይዛል፤ ውሻ ደጅ ይጠብቃል፤ ዶሮ እንቁላል ትጥላለች። ይቺ ምን ታደርጋለች?»

«ዝም ብላ ትኖራለች፣ እማማ።»

«ዝም ብሎ መኖርማ እኔም አለሁ» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ጓዳ ገቡ።

ደግሞም ሌላ ነገር ነበረ። ጥንቸል በኦሪት ከማይበሉት ውስጥ ናት፤ ቤቴ ትገባለች ሲባል ልባቸው አልተቀበለም። ለንስሐ አባታቸው ስልክ አስደወሉ። ቄሱ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «መብላቱ እንጂ ማብላቱ አልተከለከለም» አሏቸው። እማማ ስልኩን መልሰው ለልጁ ሰጡትና፣ «እንግዲህ ሂዱ» አሉ። ሲሄዱም እሳቸውን ይዘው ሄዱ።

መጠለያው ውስጥ ልጁ ነበር የሚያስተረጉመው። ሽማግሌው ስለ ባዶው አጥር ተናግረው ሲጨርሱ እማማ ልጁን ጠጋ አድርገው፣ «ሰውየው ጤነኛ ናቸው?» ብለው ጠየቁት። ልጁ ይህችን አላስተረጎማትም።

አጥሩ ሳሎን፣ መስኮቱ ሥር ተተከለ። ልጁ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት እየሮጠ ሠራ። በአራተኛው ቀን ሳያየው ወደ ትምህርት ቤት ሄደ። እናቲቱ ከሥራ ገብታ ጫማዋን እንኳ ሳትፈታ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

በአምስተኛው ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ እማማ ለጸሎት ተነሡ። እንደ ልማዳቸው ፊታቸውን ታጥበው በሳሎኑ ሲያልፉ ዓይናቸው ሳህኑ ላይ ወደቀ። ውሃው ላይ አቧራ ሰፍሯል። አልፈው ሄዱ። ጸሎታቸውን ጀመሩ፤ አልሆነም። ተመልሰው መጡ።

ጎንበስ ብለው ሳህኑን አነሡ። ውሃውን መስኮቱ ላይ ባለው የጤና አዳም ማሰሮ ደፉት፤ በዚህ አገር ውሃ ዝም ብሎ ሲፈስ አንጀታቸው አይችልም። ሳህኑን በጣታቸው አሽተው አጠቡ፤ ከንፈሩን በነጠላቸው ጫፍ አደረቁ፤ እስከ አፉ ሞልተው መለሱት። ከዚያ ድርቆሹን አወጡ። አራገፉት። አሸተቱት። ጥቅምት ላይ ሣር ታጭዶ ሲከመር አየሩን የሚሞላው ያ ሽታ ነው፤ በረንዳ በሌለው አፓርታማ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ። ጥቂት ይዘውት ቆዩ። የቀድሞውን በላስቲክ አኖሩ፤ አዲሱን በሁለት እጃቸው በትነው፣ አየር እንዲገባው ከፍ ከፍ አድርገው አስቀመጡት። ሥሩን ለመጥረግ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ፤ ከተቀመጡ በኋላ ደግሞ ቶሎ አልተነሡም። ከዚያ ዝቅ ያለ ቦታ ሆነው ቤቱን ዙሪያውን አዩት።

ልጁ ለሽንት ተነሥቶ እዚያው አገኛቸው።

«እማማ፣ ማንም የለም እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ትቀይሪዋለሽ?»

«ቤት የሚጠረገው እንግዳው ከገባ በኋላ ነው እንዴ?»

በማግሥቱም ያንኑ አደረጉ፤ ማታም ያንኑ። ማንም አላዘዛቸውም፤ ማንም አላመሰገናቸውም። ጠዋት በመጡ ቁጥር ድርቆሹ ማታ እንዳኖሩት ነው፤ ሰንበሌጡ ቀጥ ብሎ፣ አናቱ ከፍ ብሎ፣ መሐሉ ሳይጎድል። አይተውት፣ አንሥተው፣ አዲስ ያደርጋሉ። በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ቀን ልጁ ሳይጠራ መጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠና ሳህኑን ተቀበላቸው።

14ኛው ቀን ደረሰ። ሦስቱም መጠለያው ሄዱ። ሽማግሌው፣ «ምን አያችሁ?» አሉ። ልጁ እማማን አየ። እማማም ለነገር የመጣ ሰው አቀማመጥ ተቀመጡ።

«ይህ አጥር ሁለት ጊዜ ቦታ ለውጧል በላቸው» አሉ። «መስኮቱ ሥር ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ እዚያው ላይ ይወርድና እስኪመሽ አይነሣም። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ወሰድነው፤ ወለሉ ላይ ሆኜ ሳየው ገመዱ ሁሉ ከአፏ ፊት ነው። በላይ ቤት ያለው ሰውዬ ሌሊት በጫማ ይሄዳል፤ ቀን ቆሜ ሰምቼው አላውቅም፣ ወለሉ ላይ ስቀመጥ ግን ግድግዳው ይነግራል። አሁን ያለው ከአልጋዬ ጎን ነው። እዚያ ፀሐይ የለ፣ ገመድ የለ።»

እናቲቱ ይህን ስትሰማ ቀና ብላ እናቷን አየች። አጥሩ ከእናቷ አልጋ ጎን መዛወሩን ያየችው ነው፤ ምክንያቱን ግን አልጠየቀችም ነበር።

«ሌላም አለ» አሉ እማማ። «እሑድ። እኔ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ቅዳሴ እሄዳለሁ። ልጄ ከሥራ የምትገባው 2 ሰዓት ነው፤ ገብታም ትተኛለች። ይሄኛው ካልቀሰቀሱት እስከ 4 ሰዓት አይነሣም። በዚያ መሐል የሚያያት ሰው የለም። ይህን ምን እናድርግ? እሳቸው ይንገሩን።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ በኋላ የተነጋገሩት ረጅም ነበር፤ ልጁ ማስተርጎም እስኪደክመው ድረስ። የጥንቸል ሆድ ማረፍ የለበትም አሉ፤ ግማሽ ቀን ሳትበላ ከዋለች ለነገ የሚባል ነገር የለም፣ ሐኪም ጋ ነው። ማስታወክ አትችልም፤ የገባው የሚወጣው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፤ የሚሞርደው ድርቆሹ ነው፤ ስለዚህ ከምትበላው አብዛኛው ድርቆሽ ይሁን፣ ካሮቱ በሥዕል እንደሚታየው አይደለም፣ ለቅምሻ ያህል ነው። ሙቀት አይስማማትም። ከራሷ የሚወጣውን ለስላሳውን ኩስ መልሳ ብትበላው አትጸየፏት፤ ከእሱ ምግብ ታገኛለች። መከናለች፤ ያልመከነች ሴት ጥንቸል ዕድሜዋ ሲገፋ በማሕፀን ካንሰር የመያዝ አደጋዋ ትልቅ ነው። ከመሬት አታንሷት፤ ለእሷ ከላይ የሚይዛት ነገር ሁሉ ጭልፊት ነው፤ ስትፈራገጥ ወገቧ ሊሰበር ይችላል። የእንስሳት ሐኪም ሁሉ ጥንቸል አያክምም፤ የሚያክም ከዛሬ ጀምሮ ፈልጋችሁ ስልኩን ግድግዳ ላይ ለጥፉ። በደንብ ከተያዘች 10 ዓመት ትኖራለች፤ ከዚያም በላይ ልትኖር ትችላለች። የምትነቃውና የምትጫወተው ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ ነው።

«ጎሕ ሲቀድማ የእኔም ሰዓት ነው» አሉ እማማ። ስለ እሑዱም መልሱን ራሳቸው አገኙት። «እንግዲህ ከመሄዴ በፊት ሞልቼላት እሄዳለሁ። እኔ እጾማለሁ፤ እሷ ግን አትጹም፤ ገብቶኛል።»

ጥንቸሏ ቤት ገባች። የመጀመሪያውን ሳምንት ከካርቶን ዋሻዋ አፍንጫዋ ብቻ ነበር የሚታየው። ልጁ እንዳያነሣት ተነግሮታል፤ ወለሉ ላይ በደረቱ ተኝቶ የቤት ሥራውን መሥራት ጀመረ። አንድ ቀን መጥታ ካልሲውን አሸተተች። እስከ ማታ ካልሲውን አላወለቀም።

ታኅሣሥ መጣ፤ ጾመ ነቢያት ነው። አንድ ማክሰኞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ እማማ ተነሡ፤ መብራት አበሩ፤ ወደ አጥሩ አዩ። ጥንቸሏ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ ክፍት ነው፣ ጸጉሯ ንጹሕ ነው፣ ድምፅ የለም። ሌላ ሰው ቢያያት ደኅና ናት ይል ነበር። ጥንቸል ሕመሟን ትደብቃለች፤ በዱር ሕመሙን ያሳየ የአውሬ ነው፣ ይህም ከደሟ አልወጣም።

እማማ ያዩት ግን ጥንቸሏን አልነበረም። ድርቆሹን ነው። ሰንበሌጡ ቀጥ ብሏል። አናቱ ከፍ ብሏል። መሐሉ አልጎደለም።

ይህን ድርቆሽ ያውቁታል። ብዙ ጠዋት አይተውታል። ጥንቸል የበላችው ድርቆሽ መሐሉ ይጎደጉዳል፣ ስብርባሪው ከአጥሩ ውጭ ይረግፋል። ይህኛው አፍ ያልነካው ነው። የመጸዳጃ ሳጥኑን አዩ፤ አንዲት በጠጥ የለችም። ልጁን ቀሰቀሱት።

«ለእናትህ ደውል።»

«ሥራ ላይ ናት እኮ።» እማማ ልጃቸውን ሥራ ላይ ደውለውላት አያውቁም።

«ደውል። ድርቆሹ እንደዚያ ጊዜው ነው በላት።»

ሌላ ሰው ቢሰማው የማይገባው ቃል ነው። እናቲቱ ግን ገባት። ባልደረባዋን ለምና ወጣች። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ስልክ ነበረ፤ ሐኪሟ በሯን ስትከፍት ከነካርቶናቸው ደጅ ቆመው ነበር። ሐኪሟ የጥንቸሏን ሆድ ዳሰሰች፤ በአየር ተነፍቷል፣ አንጀቷ ሥራ አቁሟል። ፈሳሽ ከቆዳዋ ሥር ተሰጣት፣ ማስታገሻ ተወጋች፣ የላመ መኖ በስሪንጅ እያደረጉ በአፏ ጎን ሰጧት። እስከ ማታ ቢቆዩ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር አለች ሐኪሟ። ከሰዓት በኋላ ትንንሽ በጠጥ መጣል ጀመረች፤ ልጁ ቤት ሲገባ ይህንኑ ለጎረቤት ሁሉ ተናገረ።

ሐኪሟ ገና ጠዋት፣ መድኃኒቱን እየቀዳች፣ «ይህን ያህል ቶሎ በምን አወቃችሁ?» ብላ ጠይቃ ነበር። እናቲቱ ልትመልስ ፈለገችና ከየት እንደምትጀምር ጠፋት። ልጁ መለሰ።

«እማማ ባዶውን ታውቀዋለች።»

ሽማግሌውና ባዶው አጥራቸው የምሳሌ ናቸው። ጥንቸሏ ግን በብዙ መጠለያ አለች፤ «ተለወጠች» የሚለውም ቅጽ በብዙ መሳቢያ ውስጥ አለ። ፋሲካ ላይ የምትሸጠው ግልገል ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ለመራባት ስትደርስ ትቆፍራለች፣ ትነክሳለች፣ ክልሏን ትጠብቃለች። ይህ የተፈጥሮዋ ነው፤ ሻጩ የሚነግረው ግን ጥቂት ነው። ጥንቸል እንደ ቤተሰብ አባል ቤት ውስጥ ትኑር የሚሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሃውስ ራቢት ሶሳይቲ የተባለውን ማኅበር አቋቁመው፣ ከመጠለያ እያወጡ ቤት ሲፈልጉላቸው ኖረዋል። የኮሎምበስ፣ ኦሃዮ አባሎቹ ደግሞ በ2002 በፋሲካ ለልጅ የሚሰጠው ጥንቸል የቸኮሌት ይሁን የሚል ዘመቻ ጀመሩ። ሕጉም ቀስ ብሎ ተከትሏል። ካሊፎርኒያ ከ2019 መግቢያ ጀምሮ፣ ኒው ዮርክም ከ2024 ማብቂያ ጀምሮ የቤት እንስሳ መደብሮች ውሻ፣ ድመትና ጥንቸል ከአርቢ አምጥተው እንዳይሸጡ ከልክለዋል። እኔ ሕጉን እደግፋለሁ፤ ብዙ ግልገል ከመስኮት ማሳያ አድኗል። ሕጉ የሚያየው ግን የመደብሩን በር ነው፤ ሳሎን አይገባም።

ከመጠለያ ስለሚወሰዱት ስለ ሌሎቹ ትንንሾችም መባል ያለበት አለ። ጊኒ ፒግ ብቻውን አይኖርም፤ ስዊዘርላንድ ከ2008 ጀምሮ ያለ ጓደኛ ማስቀመጥን በሕግ ከልክላለች። እንደ ሰው ሁሉ ቫይታሚን ሲ በሰውነቱ መሥራት ስለማይችል በየቀኑ ከምግቡ ማግኘት አለበት። የሶርያው ሃምስተር በተቃራኒው ብቻውን ነው የሚወደው፤ ከአቻው ጋር ካስቀመጡት ሊገድለው ወይም ሊሞት ይችላል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በየቤቱ ያሉት አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. በ1930 ሐላብ አጠገብ ከጉድጓድ ወጥተው ወደ ኢየሩሳሌም ከተወሰዱት የአንዲት እናት ግልገሎች የተዋለዱ ናቸው። የሚነቃው ሌሊት ነው። ቀን ትምህርት ቤት ውሎ ማታ በጊዜ የሚተኛ ልጅ እንቅልፋም እንስሳ ደረሰኝ ብሎ ያዝናል፤ ከሌሊት ፈረቃ ለሚመለስ ሰው ግን ያ ትንሽ ፍጡር ነቅቶ ይጠብቀዋል። መጠለያ ሄዶ ከመምረጥ በፊት ቤታችን ውስጥ ማን መቼ እንደሚነቃ ማወቅ ይጠቅማል።

ዕድሜውም ይቆጠር። ሃምስተር ሁለት ሦስት ዓመት ይኖራል፤ ጊኒ ፒግ ከአምስት እስከ ስምንት፤ ጥንቸል ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት። የ9 ዓመት ልጅ ዛሬ ለምኖ የሚያስመጣት ጥንቸል ልጁ ኮሌጅ ሊገባ ሻንጣውን በሚያዘጋጅበት ጊዜ በሕይወት ልትኖር ትችላለች። አያትየዋም ያን ጊዜ አሥር ዓመት ያህል ጨምረዋል። ያኔ ጎሕ ሲቀድ ድርቆሹን የሚያየው ማን እንደሆነ፣ መጠለያው ሳይኬድ፣ አያትየዋም ልጁም ባሉበት ቁጭ ተብሎ ይነጋገሩበት።